የአእምሮ ቤት ስንት ክፍል አለው?

ሰው ካሰበው ሌላ ሲናገር፣ ሊሠራ ካቀደው ሌላ ሲሠራ፣ ምክንያቱንም ሲጠይቁት መልስ ሲያጣ መታየቱ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። አባቶቻችን «አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል» ሲሉ የተናገሩት ይህን አይተው ነው። ሎሌ ቢከዳ ጌታው ሌላ ሎሌ ይፈልጋል፤ የገዛ አፉ የከዳው ሰው ግን ማንን ይከሳል? ከዳተኛውም ተበዳዩም እርሱ ራሱ ነውና።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የኦስትሪያ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው የዕለቱን ስብሰባ ለመክፈት ንግግር ሲያደርጉ፣ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ከገለጹ በኋላ፣ ስብሰባው መከፈቱን አስታውቃለሁ ማለት ሲገባቸው መዘጋቱን አስታውቃለሁ አሉ። ሩዶልፍ ሜሪንገር የተባለ የቋንቋ ሊቅ ይህን ስሕተት መዝግቦ አቈየው፤ የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድም በ1901 ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ጠቅሶ ተረጐመው። እንደ ፍሮይድ አተረጓጐም ፕሬዚዳንቱ ከዚያ ስብሰባ ደግ ነገር አይገኝም ብለው ስለ ሠጉ ቶሎ እንዲያልቅ በልባቸው ይመኙ ነበር፤ የተደበቀውም ምኞት ሊናገሩት ያሰቡትን ቃል ቀድሞ ወጣ።

በዚህ ጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ምኞቱ የራሳችን ከሆነ ያለ ፈቃዳችን እንዴት ወጣ? የራሳችን ካልሆነስ በአፋችን የተናገረው ማን ነው? ሳይኮአናሊሲስ የተባለው ትምህርት፣ የሰው አእምሮ አንድ ወጥ ሳይሆን በደረጃ የተከፈለ ነው ብሎ የተነሣው ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን እነዚህ ደረጃዎች ምን ምን እንደ ሆኑ፣ ትምህርቱ ከምን ተነሥቶ ምን ላይ እንደ ደረሰ፣ ለቤተ ሰብ ኑሮ የሚጠቅመውና የሚጎዳውም የትኛው ወገን እንደ ሆነ በተቻለን መጠን አሳጥረን እንገልጻለን።

የጃንጥላው ነገር

ሲግመንድ ፍሮይድ በ1856 ፍራይበርግ በምትባል፣ ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ ውስጥ በምትገኝ ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ ቪየና ስለ ወሰዱት ዕድሜውን ከሞላ ጐደል በዚያ ፈጸመ። ከ1891 እስከ 1938 ድረስ በሽተኞቹን የተቀበለው ቤርግጋሴ በተባለው መንገድ በቤት ቁጥር 19 ነበር። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ፣ አይሁዳዊ ስለ ነበረ፣ በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ በሚከተለው ዓመትም በዚያው ዐረፈ።

ፍሮይድ ሥራውን የጀመረው የነርቭ ሐኪም ሆኖ ነው። በዚያ ዘመን እጃቸው የሚሰንፍ፣ ድምፃቸው የሚዘጋ፣ ዐይናቸው የሚጋረድ፣ ሐኪም ሲመረምራቸው ግን በአካላቸው ላይ አንዳች ጉድለት የማይገኝባቸው ብዙ በሽተኞች ነበሩ። ይህን ሕመም ለማጥናት በ1885 ወደ ፓሪስ ሄዶ ከታወቀው ሐኪም ከሻርኮ ዘንድ ተማረ። በ1889 ደግሞ ናንሲ ወደምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ሄዶ በርንሄይም የተባለው ሐኪም ሰዎችን በቃል እያስተኛ የሚሠራውን ሥራ ተመለከተ። ይህ ሥራ ሂፕኖቲዝም ይባላል።

በሂፕኖቲዝም የሚታየውን ነገር ፍሮይድ በመጨረሻዎቹ ዘመኖቹ በአንድ ታሪክ አስረድቷል። ሐኪሙ ወደ በሽተኞች ክፍል ገብቶ ጃንጥላውን ከጥግ አስቀመጠ፤ አንዱንም በሽተኛ በቃል አስተኝቶ፣ «አሁን እወጣለሁ፤ ተመልሼ ስመጣ ጃንጥላዬን ዘርግተህ በራሴ ላይ ትይዝልኛለህ» አለውና አንቅቶት ወጣ። ሲመለስም በሽተኛው የታዘዘውን አንድ ሳያጐድል ፈጸመ። ሐኪሙ ግራ የተጋባ መስሎ «ምን ማድረግህ ነው? ይህስ ምን ትርጕም አለው?» ብሎ ጠየቀው። በሽተኛው ትእዛዙን ከቶ አላስታወሰም። ጥቂት ካፈረ በኋላ ግን፣ ውጭ ዝናብ ስላለ ዶክተሩ ከመውጣታቸው በፊት ጃንጥላውን ከዚሁ ይዘረጉታል ብዬ ነው የሚል ምክንያት አቀረበ።

አንባቢ ይህን ታሪክ እንዲያስተውለው እንለምናለን። በሽተኛው ዋሽቶ አይደለም። እውነተኛው ምክንያት በውስጡ ነበረ፤ እጁንም አንቀሳቅሷል፤ እርሱ ግን አያውቀውም። ስለማያውቀውም ባዶውን ቦታ በሌላ ምክንያት ሞላው፤ የፈጠረውንም ምክንያት ራሱ አመነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ሰው የማያውቀው ሐሳብ በሥራው ላይ ሊያዝዝ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ስለ ገዛ ሥራችን የምንሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ እውነተኛው ምክንያት አለመሆኑ ነው።

እልፍኝና አዳራሽ

ፍሮይድ ከ1915 እስከ 1917 በቪየና ዩኒቨርሲቲ በሰጠው ተከታታይ ትምህርት የአእምሮን ደረጃዎች በክፍሎች መስሎ አስረዳ። ምሳሌው ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ስለ ጥንት መኳንንት ግቢ ታሪክ የሰማ ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ሰፊ አዳራሽ አለ እንበል፤ በውስጡም ደጅ የሚጠና ብዙ ሰው ይጋፋል። ከአዳራሹ ቀጥሎ አነስ ያለ እልፍኝ አለ፤ በእልፍኙም የቤቱ ጌታ ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል ባለው በር ላይ አንድ አጋፋሪ ቆሞ የሚገባውንና የሚመለሰውን ይለያል።

ሰፊው አዳራሽ ስውር አእምሮ የምንለው ነው። በዚያ ያለው ሐሳብና ምኞት ሕያው ነው፤ ይንቀሳቀሳል፤ ይገፋል፤ ነገር ግን የቤቱ ጌታ ከእልፍኙ ሆኖ አያየውም። አጋፋሪው ያሳለፈውም ቢሆን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጌታው ፊት አይቀርብም፤ ወደ እልፍኝ ገብቶ ጥግ ይዞ ተራውን የሚጠብቅ አለ። ይህ ተራውን የሚጠብቀው ቅድመ ንቁ አእምሮ ሊባል ይችላል። በመጨረሻም የጌታው ዐይን ያረፈበት ሐሳብ፣ ያ ብቻ፣ ንቁ አእምሮ ይባላል።

ከሦስቱ ሁለቱን አንባቢ በራሱ ሊፈትናቸው ይችላል። አሁን ይህን መሥመር ሲያነብ ንቁ አእምሮው የያዘው የዚህን ጽሑፍ ቃል ነው። ፊደል ያስቈጠሩህ መምህር ስማቸው ማን ነበር? ብንለው ግን ስሙ ወዲያውኑ ይመጣለታል። ስሙ ከአንድ ደቂቃ በፊት በሐሳቡ አልነበረም፤ ጠፍቶም አልነበረም፤ በእልፍኙ ጥግ ተቀምጦ ጥሪ ይጠብቅ ነበር። ስውሩ አእምሮ ከዚህ የሚለየው፣ በውስጡ ያለው ነገር ባለቤቱ ቢጠራውም የማይመጣ በመሆኑ ነው። እንዳይመጣ የሚከለክለው አጋፋሪ አለና።

ብዙ ሰዎች አእምሮን በባሕር ላይ በሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ ይመስሉታል፤ ጥቂቱ ከውኃው በላይ ይታያል፣ ብዙው ከውኃው በታች ተሰውሯል ይላሉ። ይህ ምሳሌ ዘወትር የፍሮይድ ነው እየተባለ ቢነገርም በታተሙት ሥራዎቹ ውስጥ አይገኝም። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ከውኃ በታች ያለው በረዶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በአዳራሹ ያለው ሰው ግን ለመግባት ይታገላል፤ አጋፋሪውም እርሱን ለመመለስ ይደክማል። ፍሮይድ ሊያስረዳ የፈለገው ይህን ትግል ነው።

ሆድ ይፈጀዋልን?

የአማርኛ ቋንቋ የሰውን ምሥጢር የሚያኖረው በራስ ውስጥ ሳይሆን በሆድ ውስጥ ነው። ታማኝ ወዳጅ ያገኘ ሰው ሆዱን ነገረው ይባላል፤ በልቡ ቅሬታ የገባበት ሰው ሆዱ ሻከረ ይባላል፤ ሊናገረው የማይገባ ነገር የገጠመውም «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። ይህ የመጨረሻው አነጋገር ትዕግሥትና ጨዋነት ያለበት ነው፤ ብዙ ጠብ አብርዷል፤ ብዙ ትዳርም ጠብቋል። ሳይኮአናሊሲስ ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ በእውነት ሆድ ይፈጀዋልን?

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ያለ ሰው ምን እንደ ተወና ለምን እንደ ተወ ያውቃል፤ ስለዚህ ነገሩ ከእልፍኙ አልወጣም። ፍሮይድ ማፈን ብሎ የሚጠራው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሰው አንድ ምኞት ወይም አንድ ትዝታ እጅግ ሲያሳፍረው ወይም ሲያስፈራው ከፊቱ ያርቀዋል፤ ማራቁንም ደግሞ ይረሳዋል። እንዲህ ሆኖ የታፈነው ነገር፣ እንደ ፍሮይድ ትምህርት፣ አይፈጅም፤ መልኩን ለውጦ ይመለሳል እንጂ።

በ1909 ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ፍሮይድን ወደ አሜሪካ ጠርቶት በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ አምስት ንግግሮች አድርጎ ነበር። በዚያም ማፈን ምን እንደ ሆነ ለአድማጮቹ ሲያስረዳ እንዲህ የሚል ምሳሌ ሰጠ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው እየሳቀና እየጮኸ ንግግሬን ቢያውክ፣ ከእናንተ ጠንከር ያሉት ሰዎች ይዘው ያስወጡታል፤ እንዳይመለስም ወንበራቸውን በበሩ ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ። ነገር ግን የተባረረው ሰው በውጭ ሆኖ በሩን በጡጫ ቢደበድብ ከፊተኛው የባሰ ሁከት ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ስታንሊ ሆል ወጥተው ሰውየውን አነጋግረው፣ ሥርዐት ይዞ ሊቀመጥ ተስማምተው መልሰው ቢያስገቡት ነው። እንደ ፍሮይድ አባባል የሐኪሙም ሥራ ይኸው ነው፤ በተባረረው ሐሳብና በባለቤቱ መካከል የሚገባ አስታራቂ ነው።

ይህ አሳብ የተነሣው ከአንዲት በሽተኛ ነው። ከ1880 እስከ 1882 የፍሮይድ ወዳጅ የሆነው ሐኪም ዮሴፍ ብሮየር በቪየና አንዲት ወጣት ሴት ያክም ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች በ1895 በጋራ ባወጡት መጽሐፍ አና ኦ. የሚል ስም ሰጧት። ይህች ሴት በአንድ ወቅት ስድስት ሳምንት ያህል ውኃ መጠጣት አቃታት፤ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ ትመልሰው ነበር፤ ምክንያቱንም አታውቅም። በሂፕኖቲዝም ሳለች ግን ከእንግሊዛዊት አጫዋችዋ ክፍል ገብታ ውሻ ከብርጭቆ ውኃ ሲጠጣ እንዳየችና በጨዋነት ዝም እንዳለች፣ የታፈነውን ጥላቻዋን እየገለጠች ተናገረች። ተናግራም ስትጨርስ ውኃ ስጡኝ ብላ ጠጣች። ራሷም ይህን ዓይነቱን ሕክምና በእንግሊዝኛ የንግግር ሕክምና፣ በቀልድ ደግሞ የጭስ ማውጫ ጠረጋ ብላ ሰየመችው።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። አዲሱ ትምህርት በዚህ ተረት ላይ የጨመረው፣ ሰው በሽታውን ከሐኪም ብቻ ሳይሆን ከራሱም ሊሸሽገው ይችላል የሚለውን ነው።

ስለ ሕልምም የሚናገረው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ፍሮይድ የሕልምን ትርጕም የገለጠበት መጽሐፍ ዓመቱ 1900 ተብሎ በ600 ቅጂ ታተመ፤ ያን ያህሉንም ሸጦ ለመጨረስ ስምንት ዓመት ፈጀ። በመጽሐፉ እንደ ተገለጠው፣ ሰው ሲተኛ አጋፋሪው ይደክማል፤ ፈጽሞ ግን አያንቀላፋም። ስለዚህ የታፈነው ምኞት በእውነተኛ መልኩ ሳይሆን ልብሱን ለውጦ ያልፋል። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በአንድ ቃል ይረዳዋል፤ ተኝተን ያየነው ታሪክ ሰሙ ነው፤ ከሥሩ የተደበቀው ምኞት ወርቁ ነው።

ሦስት ጌቶች ያሉት አገልጋይ

ፍሮይድ ሥራውን በቀጠለ ጊዜ ይህ የክፍሎች ምሳሌ ብቻውን እንደማይበቃ ተገነዘበ። ሐሳብን የሚከለክለው አጋፋሪ ራሱ ከንቁ አእምሮ የተሰወረ ሆኖ አገኘው፤ በሽተኛው የሚደብቀውን ብቻ ሳይሆን መደበቁንም አያውቅምና። ስለዚህ በ1923 ባወጣው መጽሐፍ ሌላ አከፋፈል ጨመረ። በጀርመንኛ የተጠቀመባቸው ቃላት ሕፃን የሚያውቃቸው ተራ ቃላት ነበሩ፤ የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ናቸው ወደ ላቲን ለውጠው ያከበዷቸው። በአማርኛ «ያ»፣ «እኔ» እና «የበላይ እኔ» ብንላቸው ከዋናው አንርቅም።

«ያ» የተባለው ከሰው ጋር የሚወለደው የፍላጎት ኀይል ነው። ረኀብን፣ ቍጣን፣ ፍትወትን ያቀፈ ነው፤ ነገን አያውቅም፤ አይሆንም ማለትንም አይሰማም። «እኔ» የተባለው ከውጭው ዓለም ጋር እየተጋጨ የሚያድገው፣ የሚያመዛዝነውና ጊዜ የሚጠብቀው ክፍል ነው። «የበላይ እኔ» ደግሞ ልጅ ከወላጆቹና ከአሳዳጊዎቹ የሰማው ትእዛዝና ተግሣጽ ወደ ውስጡ ገብቶ፣ ወላጅ በሌለበት እንደ ወላጅ የሚቈጣ ዳኛ ሆኖ የቀረ ነው። ፍሮይድ «እኔ»ን በፈረስ ላይ በተቀመጠ ሰው ይመስለዋል። ፈረሱ ከእርሱ ይበረታል፤ ጋላቢውም አንዳንድ ጊዜ ከፈረሱ እንዳይለይ ሲል ፈረሱ ወደ ፈለገው ለመሄድ ይገደዳል።

ከዚህም በላይ ይህ «እኔ» በአንድ ጊዜ ለሦስት ጌቶች የሚያገለግል ምስኪን አገልጋይ ነው፤ ለውጭው ዓለም፣ ለፍላጎቱና ለውስጥ ዳኛው። ሦስቱም የተለያየ ነገር ያዝዙታል። ሁሉንም ለማስታረቅ ሲያቅተው ጭንቀት ይይዘዋል። እዚህ ላይ ለወላጆች የሚሆን ከባድ ቁም ነገር አለ። ፈላጭ ቈራጭ የሆነ የውስጥ ዳኛ፣ ጨርሶ ከሌለ ዳኛ ባላነሰ ሰውን ሊጎዳ ይችላል። በጥቂቱም በብዙውም ሲኰነን ያደገ ልጅ፣ አድጎ ኰናኙ በሞተ ጊዜ እንኳ ፍርዱን በውስጡ እየሰማ ሊኖር ይችላልና።

በቤትና በመሥሪያ ቤት

የፍሮይድ የመጨረሻ ልጅ አና ፍሮይድ (1895–1982) የአባቷን ትምህርት ወደ ሕፃናት መርታ፣ ሰው ከጭንቀት ራሱን የሚከላከልባቸውን መንገዶች በ1936 ባወጣችው መጽሐፍ ዘርዝራለች። ከጻፈቻቸው ምሳሌዎች አንዱ በየቤቱ የሚታይ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ መናፍስት ይታዩኛል ብላ በጨለማ አዳራሹን ማቋረጥ ትፈራ ነበር። አንድ ቀን ግን ልዩ ልዩ እንቅስቃሴ እያሳየች በሩጫ አቋረጠችው፤ ምሥጢሩንም ለታናሽ ወንድሟ፣ መፍራት አያስፈልግም፤ የምትፈራውን መንፈስ ራስህን አድርገህ መገኘት ብቻ ነው ብላ ነገረችው። ይህች ልጅ ፍርሃቷን ያሸነፈችው የሚያስፈራትን በመሆን ነው። በቤቱ የተመታ ልጅ በትምህርት ቤት ከእርሱ ያነሱትን ሲመታ ባየን ጊዜ፣ ክፉ ጠባይ ነው ብለን ከመፍረዳችን አስቀድሞ ይህችን ልጅ ብናስብ መልካም ነው።

በአዋቂዎችም ዘንድ እንዲሁ ነው። ከበላዩ ተግሣጽ የተቀበለ ሹም በመሥሪያ ቤቱ አንድ ቃል ሳይመልስ ውሎ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ስለ ወጡ ጨው ቢቈጣ፣ ምክንያቱን ሲጠይቁት ጨው ነው ይላል። ጃንጥላውን የዘረጋው በሽተኛም ዝናብ ነው ብሎ ነበር። የራሱን ምቀኝነት ሊያይ ያልፈለገም ሰው ጓደኛው እንደሚመቀኘው ማስረጃ ሲሰበስብ ይገኛል። በዚህ ሁሉ የሚጎዳው ከነገሩ የሌለበት ሰው ነው። የአእምሮ ደረጃዎች ትምህርት ከመጽሐፍ ወጥቶ የትዳርና የሥራ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ትምህርቱ ሲመረመር

ነገር ግን የአንድን ትምህርት ጥቅም ብቻ ተናግሮ ጉድለቱን መደበቅ አንባቢን ማታለል ይሆናል። አና ኦ. የተባለችው ሴት እውነተኛ ስሟ በርታ ፓፔንሃይም (1859–1936) መሆኑ በ1953 በመጽሐፍ ተገለጠ። የ1895ቱ መጽሐፍ ጤናዋ ፍጹም ተመልሶላታል ቢልም፣ የብሮየር ሕክምና ባበቃበት በ1882 ክሮይትስሊንገን በተባለችው የስዊስ ከተማ ወደሚገኝ የአእምሮ ሐኪም ቤት መግባቷን ሄንሪ ኤለንበርገር የተባለ የታሪክ ጸሐፊ በ1972 በሰነድ አረጋገጠ። ለመላው ትምህርት መሠረት የተባለው ፈውስ እንደ ተወራለት አልነበረም። እርሷ ግን ከዓመታት በኋላ ድና በ1904 በጀርመን አገር የአይሁድ ሴቶችን ማኅበር መሠረተች፤ በ1907ም መጠጊያ ላጡ ልጃገረዶችና ያለ ባል ለወለዱ እናቶች በኖይ ኢዘንቡርግ ቤት ከፈተች። በበሽተኛነት ስሟ የታወቀችው ሴት በገዛ ስሟ የሠራችው ሥራ የበለጠ ሊታወስ ይገባው ነበር።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከፈላስፋው ካርል ፖፐር የመጣ ነው። በ1963 በታተመው መጽሐፉ እንዲህ ይላል፤ አንድ ሰው ሕፃን ሊያሰጥም ወደ ውኃ ቢገፋ፣ ሌላው ደግሞ ሕፃኑን ለማዳን ሕይወቱን ቢሰጥ፣ የፍሮይድ ትምህርት የሁለቱንም ምክንያት ያለ ችግር ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ምኞቱን አፈነ፣ ሁለተኛው ምኞቱን ወደ መልካም ሥራ ለወጠ ይላል። ምንም ነገር ቢደረግ ትክክል ሆኖ የሚገኝ ትምህርት ሊፈተን አይችልም፤ የማይፈተንም ነገር ሳይንስ ሊባል አይገባም የሚል ነው። የቋንቋ ሊቃውንትም በበኩላቸው አብዛኛው የአፍ ስሕተት በድምፅ ወይም በትርጕም የሚጐራበቱ ቃላት ሲጋጩ የሚመጣ መሆኑን ያስረዳሉ። መክፈትና መዝጋት ጐረቤታሞች ናቸው፤ የኦስትሪያው ፕሬዚዳንት አፍ የሳተው ምንም ምኞት ሳይኖራቸው ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ስውር አእምሮ የለም ማለት ነውን? አይደለም። በ1911 ኤድዋርድ ክላፓሬድ የተባለው የጄኔቫ ሐኪም አዲስ ነገር መያዝ ስለማትችል አንዲት በሽተኛ ጻፈ። በእጁ ውስጥ መርፌ ደብቆ ሲጨብጣት ወጋት፤ ወዲያውም ረሳችው። በኋላ እጁን ሲዘረጋላት ግን እጇን ሰበሰበች፤ ለምን እንደ ሆነም አላወቀችም። እንዲሁም በአሜሪካ በ1953 የአንጐል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሄንሪ ሞሌይሰን (1926–2008) አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታውን አጣ። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ሊቅ በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲሥል አደረገችው፤ ከቀን ወደ ቀን እጁ እየተሻሻለ ሲሄድ እርሱ ግን ሥራውን ቀድሞ መሥራቱን ከቶ አያስታውስም ነበር። ስለዚህ ሳናውቀው የሚሠራ የአእምሮ ክፍል መኖሩ ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ይህ ክፍል ሁሉ የታፈነ ምኞት ማከማቻ አይደለም፤ ብዙው ልማድ፣ የእጅ ዕውቀትና ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ጉዳት በቤተ ሰብ ላይ የደረሰው ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአሜሪካ አንዳንድ አካሚዎች የታፈነ ትዝታ እናወጣለን ብለው በሽተኞቻቸውን ደጋግመው እየጠየቁና እየገፋፉ፣ በልጅነታቸው በወላጆቻቸው ግፍ ተፈጽሞባቸዋል ብለው እስኪያምኑ ድረስ አደረሷቸው። በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ግፍ በእውነት ያለና ሊካድ የማይገባው ነው፤ ከእነዚህ ክሶች ግን ብዙዎቹ ያልተደረገ ነገር ሆነው ተገኙ፤ አባትና ልጅም በፍርድ ቤት ተለያዩ። በ1995 ኤልዛቤት ሎፍተስ ከባልደረባዋ ጋር ባደረገችው ጥናት፣ ለ24 ሰዎች በሕፃንነታቸው በገበያ አዳራሽ ጠፍተው እንደ ነበር ተነገራቸው። ነገሩ ሐሰት ነበረ፤ ከእነርሱ ግን 6ቱ በሙሉም ሆነ በከፊል አስታወስን አሉ። ከአዳራሹ የወጣ የመሰለው እንግዳ፣ አስታራቂ ነኝ ባዩ ራሱ ያስገባው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ምን እንያዝ?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ ቢባል፣ በእኛ አስተያየት የአእምሮ ደረጃዎች ትምህርት ለባለቤቱ መስታወት ነው እንጂ በሌላው ላይ የሚመዘዝ ሰይፍ አይደለም። ባል ሚስቱን፣ አለቃ ጸሐፊውን፣ አባት ልጁን «አንተ ሳታውቀው በውስጥህ ያለውን እኔ ዐውቃለሁ» ማለት የጀመረ ዕለት ትምህርቱ ወደ ግፍ ይለወጣል፤ ተከሳሹ ቢያምን በእምነቱ፣ ቢክድም አፍነኸዋል ተብሎ ይፈረድበታልና። እንዲህ ካለው ዳኝነት የሚያመልጥ የለም።

በራስ ላይ ሲሆን ግን ጥቅሙ ትልቅ ነው። ቍጣችን ከጥፋቱ በልጦ በታየን ጊዜ፣ አንዱን ሰው ያለ ምክንያት በጠላን ጊዜ፣ ልንሠራው የሚገባንን ሥራ ደጋግመን በረሳን ጊዜ፣ ወዲያው በአፋችን የሚመጣውን ምክንያት ከመቀበል በፊት ጥቂት ቈም ብለን፣ ይህ የጨው ነገር ነው ወይስ ሌላ? ብለን ብንጠይቅ ብዙ በደል ይቀራል። መልሱ ሁልጊዜ ላይገኝ ይችላል፤ መጠየቁ ብቻ ግን እጅን ከምት፣ አፍን ከስድብ ያዘገያል። ኀዘኑ ወይም ፍርሃቱ ከዚህ አልፎ እንቅልፍ የነሣው፣ ሥራ ያስፈታው ሰው ደግሞ ወደ ሠለጠነ ሐኪም መሄድ እንጂ ሆድ ይፍጀው ብሎ መቀመጥ አይገባውም።

ለልጆቻችንም የምናደርግላቸው አንድ ነገር አለ። ልጅ ፈራሁ፣ ተቈጣሁ፣ ቀናሁ ብሎ ሲናገር፣ የሠራው ጥፋት ካለ ጥፋቱን እንገሥጽ፤ ስለ ተናገረው ስሜት ግን አናሳፍረው። ስሜቱን በቃል መናገር የተፈቀደለት ልጅ፣ ሲያድግ ከእልፍኙ በር ላይ ያን ያህል ጨካኝ አጋፋሪ ማቆም አያስፈልገውም።